የጠበቃ ገንዘብ የለኝም፣ ቀጠሮዬ ግን ደርሷል

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 31 ነው፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በልብስ ስፌት ሥራ በፈረቃ እሠራለሁ። በትዳር 11 ዓመት ኖረን የ9 እና የ4 ዓመት ልጆች አፍርተናል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከስምንት ወር በፊት ቤቱን ጥሎ ደሴ ገባ፤ አሁን ደግሞ የፍቺ ክስ መሥርቶ መጥሪያ ላከልኝ። በማመልከቻው ላይ ልጆቹ ለእሱ እንዲሰጡት ጠይቋል፤ የጋራ ንብረትም የለንም ብሏል። የምንኖርበት ቤት ካርታ በስሙ ነው። አብረን የገዛነው አይሱዙ በወንድሙ ስም ተመዝግቧል። እሱ ጠበቃ አቁሟል። እኔ ያነጋገርኩት ጠበቃ 40,000 ብር፣ ግማሹን በቅድሚያ ብሎኛል። ደመወዜ 3,400 ብር ነው። ወርቄን ልሽጥ? ወይስ የእቁብ ዕጣዬ እንዲቀድምልኝ ልለምን? ሽማግሌዎች ደግሞ ‹ክርክር ገንዘብ ይበላል፤ ቤቱን ተይለትና ልጆችሽን ይዘሽ ተገላገይ› እያሉ ወረቀት አዘጋጅተው ፈርሚ ይሉኛል። የጋብቻ ወረቀታችን በ2014ቱ ጦርነት ቤታችን ሲዘረፍ ጠፍቷል። መንግሥት ለድሃ ጠበቃ ያቆማል የሚባለውስ እውነት ነው? ቀጠሮዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ወርቅሽን ገና አትሽጪ፤ ሽማግሌዎቹ ባዘጋጁት ወረቀት ላይም አትፈርሚ። እነዚህን ሁለቱን ያስቀደምኩት፣ አንዴ ከተደረጉ በኋላ መመለሻቸው ከባድ ስለሆነ ነው። ሌላው ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል።

የተጠየቅሽው ገንዘብ የዓመት ደመወዝሽ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምታ የማትደነግጥ እናት የለችም። ይሁን እንጂ መጥሪያው አንድ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ጉዳዮች ሦስት ናቸው፤ ፍቺው፣ ልጆቹ እና ንብረቱ። ሦስቱም እኩል ጠበቃ አይፈልጉም። ያለሽን ትንሽ ገንዘብ በሦስቱ ላይ ከበተንሽው ለአንዱም አይበቃሽም፤ ከሁሉ ይልቅ ባለሙያ በሚያስፈልገው ላይ ካዋልሽው ግን ሊበቃ ይችላል። እኔ የምመክርሽ የጠበቃ ገንዘብሽን በሙሉ ለቤቱና ለመኪናው እንድታስቀምጪው፣ የቀረውን በነፃ ድጋፍና በራስሽ አንደበት እንድትወጪው ነው።

በፍቺው ልጀምር። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ከተጋቢዎቹ አንዱ ብቻውን ፍቺ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ ለማስታረቅ ይሞክራል፣ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ባልሽ በሐሳቡ ከጸና ግን ፍቺው መወሰኑ አይቀርም። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለውን ለማስመስከር ጠበቃ ማቆም ገንዘብን ወደ ቦርከና ወንዝ መጣል ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ዳኛው ሲጠይቁሽ የሆነውን በራስሽ ቃል ተናገሪ፤ ይበቃል።

የጋብቻ ወረቀቱ መጥፋትም እንቅልፍ አይንሳሽ። ባልሽ «ሚስቴ ናት፣ ፍቺ ይወሰንልኝ» ብሎ ሲከስ ጋብቻውን በራሱ እጅ አምኖልሻል። ይልቅ ማመልከቻውን አውጪና ጋብቻው መቼ ተፈጸመ ብሎ እንደጻፈ ተመልከቺ። ቀኑን ወደዚህ አቅርቦ ከጻፈው፣ ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተሠራ የግል ንብረቱ እንዲመስል እያመቻቸ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በሰርጋችሁ የነበሩ ሰዎችን ከአሁኑ አነጋግሪ፤ የትልቁን ልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀትና የእድር መዝገባችሁንም ፈልጊ። ወረቀት በሌለበት ጊዜ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን በምስክር ማስረዳት በሕግ የታወቀ መንገድ ነው።

ስለ ሽማግሌዎቹ ያነሳሽው አሳዝኖኛል። በወሎ ሽማግሌ ክቡር ነው፤ የስንቱን ቤት ከመፍረስ አድኗል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ፍቺን እስከ መወሰን የሚደርስ ሥልጣን ነበራቸው። የኋለኞቹ የቤተሰብ ሕጎች ግን ያን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥተው ለሽማግሌ ማስታረቅን ተዉለት። ስለዚህ ያስታርቋችሁ፣ ያቀራርቧችሁ፤ ቤት ማካፈል ግን ሥራቸው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። «ክርክር ገንዘብ ይበላል» የሚለው ምክር አቅም የሌለውን ሁሉ ከመብቱ የሚያስወጣ ምክር ነው። ደግሞስ የሚያስተዉሽ ቤት የሁለት ልጆች መጠለያ ነው! አንቺ ብትተዪው ልጆቹን የት ልታሳድጊያቸው ነው? ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «አባቶቼ፣ ስለደከማችሁልኝ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን የሕግ ሰው ካየልኝ በኋላ መልስ እሰጣለሁ።» በዚህ የሚቆጣ ሽማግሌ ቢኖር ቁጣው ለማን እንደሆነ አስቢበት።

ሃይማኖትሽን አልነገርሽኝም። ሙስሊም ከሆንሽና ጉዳዩ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሂድ ከተባለ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ማየት የሚችለው ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ብቻ መሆኑን እወቂ። ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም መብትሽ ነው፤ አንዴ ከመረጥሽ በኋላ መቀየር ቀላል ስለማይሆን ግን ሳትመክሪ አትፈርሚ።

መንግሥት ጠበቃ ያቆማል ወይ ላልሽው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ይህን መብት የሰጠው በወንጀል ለተከሰሰና አቅም ለሌለው ሰው ነው፤ ያም ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን ነው። የፍቺ ጉዳይ ፍትሐ ብሔር ስለሆነ ችሎት ላይ «ጠበቃ ይቁምልኝ» ስላልሽ ብቻ አይቆምልሽም። በነፃ የሚረዱሽ ሌሎች በሮች ግን አሉ፤ ማንኳኳቱ የአንቺ ነው።

በመጀመሪያ የማስብልሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በኮምቦልቻ የሚያገኙሽ ከሆነ በዚያው ጠይቂ፤ ካልሆነም የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ወደ ደሴው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደሽ አነጋግሪያቸው። ቀጥለሽ ወደ ከተማችሁ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሂጂና ዐቃቤ ሕግ አቅም ለሌላቸው ሴቶችና ሕፃናት በቀለብ ጉዳይ የሚሰጠውን እገዛ ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሥራው ይኸው ነው፤ በአካባቢሽ የሚሠሩለት በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ካሉ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ሊያገናኝሽ ይችላል። የትም ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የመጥሪያውን፣ የክስ ማመልከቻውንና ከእሱ ጋር የተያያዙትን ማስረጃዎች ቅጂ፣ የደመወዝ ወረቀትሽን፣ ከቀበሌ የተጻፈልሽን የአቅም ማነስ ማስረጃ ያዢ። የቀበሌውን ደብዳቤ ነገውኑ ጠይቂ፤ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባለ ሳምንት የሚፈጅ ወረቀት ነው።

ያው ደብዳቤ ለሌላም ይጠቅምሻል። በክሱ ላይ መልስ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ አንቺም በተከሳሽ ከሳሽነት ንብረት ይካፈልልኝ ካልሽ ግን የዳኝነት ክፍያ ይመጣል፤ ክፍያውም በንብረቱ ግምት ልክ ከፍ ይላል። የማትችይ ከሆነ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተጻፈው መሠረት «በደሃ ደንብ ልክሰስ» ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ። ያለሽን ንብረት ዘርዝረሽ በቃለ መሐላ ታቀርቢያለሽ። በዝርዝሩ ላይ ወርቅሽንም ጻፊ። ተደብቆ ቢገኝ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን በዳኛው ፊት ያለሽን መታመንም ታጪያለሽ።

አሁን ወደ ልጆቹ። እዚህ ላይ የሚያሸንፈው ዝግጅት ነው፤ ዝግጅት ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የልጆቹን ጥቅም ነው፤ ዕድሜያቸውን፣ ጤናቸውን፣ ትምህርታቸውን፣ ከማን ጋር ተረጋግተው እንደሚኖሩ። የባልሽ ጠበቃ ምን እንደሚል ከአሁኑ ልንገርሽ። «እናትየዋ በፈረቃ ስለምትሠራ ልጆቹ ማታ ማታ ያለ ጠባቂ ያድራሉ» ይላል። መልስሽን አዘጋጂ። ፈረቃ ላይ ስትሆኚ የሚይዛቸው ማን ነው? እናትሽ ናት? ጎረቤት ናት? ያቺ ሰው ችሎት ቀርባ ትመስክር። ከትምህርት ቤቱ ወላጅ ሆና የምትመላለሰው፣ የወር ክፍያ የምትከፍለው፣ ስብሰባ የምትገኘው አንቺ መሆንሽን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። የትንሹን ልጅ የክትባት ካርድ ያዢ። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አባትየው በሥራው ምክንያት በወር ውስጥ ስንት ሌሊት ከቤት ውጭ ያድራል? ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሹፌር ልጆቹን ለማን ትቶ ሊሄድ ነው? ይህን ስትጠይቂ በቁጣ አይሁን። ስድብ የልጆችሽን ጉዳይ ያበላሽብሻል፤ ዳኞች በየቀኑ ስለሚሰሙትም አይገርማቸውም።

ቀለቡን ከቀጠሮው ቀን ጀምረሽ ጠይቂ። ፍቺው እስኪወሰን፣ ንብረቱ እስኪጣራ ድረስ ልጆቹ መብላት አለባቸው፤ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን አያያዝና ቀለብ በሚመለከት ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። በመልስሽ መጨረሻ ላይ በግልጽ አስጽፊው። ስምንት ወር ሙሉ ዝም ማለትሽን በክፉ አላየውም፤ ነገ ይመለሳል ብለሽ ነው። ከእንግዲህ ግን ያልተጠየቀ ውዝፍ ቀለብ በዘገየ ቁጥር ማግኘቱ እየከበደ እንደሚሄድ አስቢ። መጠኑ የሚወሰነው በልጆቹ ፍላጎትና በአባትየው አቅም ስለሆነ የወር ወጪያችሁን፣ የቤት ኪራይ ባይኖርም ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ደብተሩን፣ ሕክምናውን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። የእሱን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት እጄ የለም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ማስረጃው የሚገኝበትን መሥሪያ ቤት ወይም ባንክ ስም ጠቅሰሽ «በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቅረብልኝ» ማለት ትችያለሽ። ከዚህ በፊት በባንክ ወይም በቴሌብር ገንዘብ ልኮልሽ ከሆነም የዚያን ዝርዝር አስወጪ፤ ሲችል ምን ያህል ይልክ እንደነበር ይናገራል።

ንብረቱ ግን የሕግ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ገንዘብሽ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በቤቱ ላይ መነሻሽ ጠንካራ ነው፤ የግሌ ነው የሚለው እሱ ያስረዳ። የግንባታውን ደረሰኞች፣ ግንበኛውን፣ ብሎኬት ያቀበለውን ሰው፣ ከደመወዝሽ ያዋጣሽበትን የእቁብ መዝገብ ፈልጊ። ቤቱ እንዳይሸጥ ወይም ለብድር በመያዣነት እንዳይሰጥ የእግድ ማመልከቻ ቶሎ መግባት አለበት። ስምንት ወር ደሴ የተቀመጠ ሰው ገዢ አላፈላለገም ብዬ አላምንም፤ ነፃ ድጋፍ ከሚሰጡሽ ባለሙያዎች የመጀመሪያ ጥያቄሽ ይህ እግድ ይሁን። አይሱዙው ከባዱ ነው። በሦስተኛ ሰው ስም የተመዘገበ ስለሆነ ወንድምየው ጣልቃ ገብቶ «የእኔ ነው» ይላል፤ ገንዘቡ ከየት እንደወጣ፣ መኪናውን ማን እንደሚነዳው፣ ገቢው ወደ ማን እንደሚገባ ማስረዳት ይጠበቅብሻል። ምስክር መጠየቅና የሰነድ ክርክር የለመደ ሰው ያስፈልጋል።

የምሥራቹ፣ ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ አለመሆኑ ነው። በብዙ መዝገቦች ፍቺው ይቀድምና የንብረቱ ክርክር ኋላ ራሱን ችሎ ይመጣል። ገንዘብ ማጠራቀሚያ ጊዜ አለሽ። እቁብሽን የምታስቀድሚው ያን ጊዜ ነው፤ በፋብሪካችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለም አሁኑኑ አባል ሁኚ። ወርቅሽ የመጨረሻው ይሁን፤ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ግን በምንም ምክንያት አትሂጂ።

ያንን ጠበቃ ደግሞ ተመልሰሽ አነጋግሪው። የጠየቀሽ ለሁሉም ነገር ነው ብዬ እገምታለሁ። «የመልስ ጽሑፌን ብቻ ብታዘጋጅልኝ ስንት ነው? በንብረቱ ብቻ ብትከራከርልኝስ? በየቀጠሮው ከፋፍዬ ብከፍልህስ?» በይው። ጥሩ ጠበቃ በዚህ አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነ ወደ ሌላ ሂጂ። ቢያንስ ሁለት ሦስት ጠበቃ ሳታነጋግሪ አትወስኚ። የጥብቅና ፈቃዱ የታደሰና በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚያሠራ መሆኑን አረጋግጪ። ነፃ አገልግሎት መጠየቅም ነውር አይደለም፤ በፌዴራል ደረጃ ያለው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይጠይቃል፤ የእኛም ጠበቆች ሙያው ይህን ግዴታ እንደሚያሸክም ያውቃሉ።

ከተስማማችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ዋጋው ይግባኝን ይጨምራል? አፈጻጸምን፣ ማለትም የተፈረደልሽን በተግባር ማስፈጸምንስ? አፈጻጸም ራሱን የቻለ መዝገብ ስለሆነ ከፍርድ በኋላ «ሌላ ክፈይ» የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ለከፈልሽው ሁሉ ደረሰኝ ተቀበይ። ከንብረቱ በመቶኛ እወስዳለሁ ካለሽ በስንት እንደሆነና ከምን ላይ እንደሚሰላ ይጻፍ፤ ከልጆች ቀለብ ላይ ግን አንድ ሳንቲም አትፍቀጂ። ውክልናውም ላይ ተጠንቀቂ። «ለመታረቅ፣ ለመስማማት፣ ገንዘብ ለመቀበል» የሚሉ ቃላት ካሉበት አንቺ ሳታውቂ በስምሽ ሊፈረም ይችላል። እነዚህን አስወጪ። በፍርድ ቤት አካባቢ «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ብር ብትሰጪኝ» የሚል ሰው ቢመጣብሽ ጥለሽው ሂጂ። አቤቱታ ለማስጻፍ ከሆነ ፈቃድ ያለው የሕግ ጉዳይ ጸሐፊ በአነስተኛ ዋጋ ይጽፍልሻል፤ ከማስገባትሽ በፊት ግን የዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ይዩልሽ። አንቺ በፈረቃ ምክንያት መቅረብ ባትችይ አባትሽ፣ እናትሽ ወይም ወንድምሽ የጥብቅና ፈቃድ ባይኖራቸውም በውክልና ሊቀርቡልሽ ይችላሉ። ውክልናው በሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ የተረጋገጠ ይሁን።

ብታሸንፊ ወጪና ኪሳራሽን ከእሱ መጠየቅ ትችያለሽ። ነገር ግን በቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች «ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ»፣ ማለትም ሁለቱም የየራሳቸውን ይቻሉ ማለት ያዘወትራሉና በዚያ ተማምነሽ አትበደሪ።

ከሁሉ በላይ ቀጠሮውን እንዳታሳልፊ። ካልቀረብሽ ጉዳዩ በሌለሽበት ይታያል፤ እሱ ያለው ብቻ ተሰምቶ ይወሰናል። በቂ ምክንያት ኖሮሽ ብትቀሪ እንኳ ውሳኔው እንዲነሣ ማመልከት ያለብሽ መወሰኑን ካወቅሽ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ መቀበሉም የዳኛው ነው። መልስሽ በዚያን ቀን ዝግጁ ካልሆነ ቀርበሽ «የሕግ ድጋፍ እየጠየቅኩ ነው፣ አጭር ጊዜ ይሰጠኝ» በይ፤ ለዩኒቨርሲቲው ያመለከትሽበትን ወረቀት አሳዪ። ለፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል የመጥሪያውን ቅጂ አሁኑኑ ስጪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲገጥመው ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊና አንድ ቅጂ አስቀሪ።

ነገ ከፈረቃ ስትወጪ ቀበሌ ሂጂ። በሚቀጥለው ቀን የክሱን ማመልከቻ በሁለት ቅጂ አስነሺና አንዱን ለነፃ ሕግ ድጋፉ፣ አንዱን ለፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ስጪ። ማመልከቻው ላይ የጻፈውን የጋብቻ ቀን ስታገኚ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።